የአክስቴ ሂልከ ካራቫን የት ይክረም

ፍሪስላንድ፣ ኦገስት 31 ቀን 1996

ለውድ አክስቴ ሂልከ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና ያግኝዎ። ልጅዎ ቲመንና ልጆቹም ደህና ይሁኑልን። እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

እንዴት እንደምጀምር ስላላወቅሁ ከሚከብደኝ ልጀምር። ለአባቴ የጻፉለትን ደብዳቤ የምመልሰው እኔ ነኝ፤ ልጁ ሪንስከ። አባቴ ደብዳቤዎን አንብቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና «አንቺ መልሺላት፤ እኔ እስክሪብቶ ከምይዝ መፍቻ ብይዝ ይሻለኛል» አለኝ። መደወል ይቻል ነበር፤ ስልክ ላይ ግን ድምፄ ይጠፋብኛል። ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ ጊዜ ግቢያችን ውስጥ የቆመው ካራቫንዎ ውስጥ እገባለሁ። ቁልፉ ኩሽናው ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ማንም አትግቢ አላለኝም፤ ግቢም ያለኝ የለም። የእርስዎን ዕቃ አልነካም። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ትንሽ አነባለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዝም ብዬ ነው። ቤት ውስጥ ሦስት ወንድሞቼና ሬዲዮአቸው አሉ። ቅር ካለዎት ይንገሩኝና እተዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አባቴ ከዚህ በኋላ ትራክተር የሚጠግነው ቤት ስለሆነ ግቢው ይፈለጋል። «መኪና የሚጎትተው ቤት ነው ብዬ ነበር፤ ይኸው ሥር ሰደደ» ይላል። መንገድ ዳር እንዳናቆመው ማዘጋጃ ቤቱ ከሦስት ቀን በላይ አይፈቅድም። ስለዚህ ከብርዱ በፊት የሚከርምበት ቦታ መገኘት አለበት። እርስዎም «የትም ይሁን፣ ብቻ የተጠበቀ ይሁን» ብለዋል።

እስካሁን የሰማሁት ሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ድራኽተን ውስጥ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ያለ ግቢ ነው፤ ከፍ ያለ አጥር፣ በቁጥር የሚከፈት በር፣ ካሜራም አለው፤ ጣራ ግን የለውም። ሁለተኛው ድሮ ቲማቲም ይበቅልበት የነበረ የመስታወት ቤት ነው። ሦስተኛው መንደሩ ሁሉ አጎት የሚላቸው የሃርመን በረት ነው። ላሞቻቸውን ከሸጡ ወዲህ የሰው ካራቫን ያስከርሙበታል። ባለቤትዎ ጋሼ ባውከ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያውቋቸው እንደነበር አባቴ ነግሮኛል።

የቱን ልይ? ምንስ ብዬ ልጠይቅ? እንዲህ ያለ ነገር መርጬ አላውቅም።

እግዚአብሔር ይጠብቅዎ።

የእህትዎ የልጅ ልጅ፣
ሪንስከ


ኔልሰን፣ ኒውዚላንድ፣ ሴፕቴምበር 10

ለሪንስከዬ፣

ከዚህ ሆኜ ስስምሽ ጉንጭሽ ድረስ ይድረስልኝ። ላንቺ ዕድሜና ጤና፣ ለአባትሽ ደግሞ እስክሪብቶ የሚይዝ አንድ ጣት ይስጥልኝ።

ባውከን የቀበርን ዕለት ኮሪደሩ ላይ ቆመሽ ለእንግዳው ብስኩት ስታዞሪ አይቼሻለሁ። ድምፅሽን ግን አልሰማሁም። አሁን ሰማሁት።

ካራቫኑ ውስጥ መግባትሽ ቅር አላለኝም። ቤት ሰው ካልገባበት ይሻግታል። ስትወጪ ብቻ መስኮቱን መዝጋት እንዳትረሺ።

ስለ ቦታው የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ካሜራ ሌባውን ያሳይሻል እንጂ አይዝልሽም። ሰው የሚኖርበት ግቢ ይሻላል፤ መብራት ሲበራ፣ ሲጠፋ የሚያይ ሰው። ይሁንና ባውከ ያውቀው ነበር ብለሽ ብቻ ሃርመንን አትመኚው። ባውከ የማያውቀው ሰው አልነበረም፤ ግማሾቹ ሌባ ነበሩ። ሦስቱም ጋ ሂጂ። ስትገቢ መጀመሪያ አሽትቺ፤ እርጥበት ካለ አፍንጫሽ ይነግርሻል። ወለሉ ላይ የውሃ እድፍ ካየሽ ቀና በይና ጣራውን ተመልከቺ። ባለቤቱ «የጋዝ ሲሊንደሩን አውጥታችሁ አምጡ» ካለሽ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ስለ ጋዝ ምንም ካላነሳ አመስግነሽ ውጪ። ቁልፉን ማን እንደሚይዝ ጠይቂ። ስለ አይጥም ጠይቂ። «እኔ ጋ አይጥ የለም» የሚል ውሸታም ነው፤ ምን እንደሚያደርግላቸው የሚነግርሽን እመኚ።

ቲመን «እማዬ፣ ለምን አትሸጪውም?» ይለኛል። «አንተንስ ለምን አልሸጥኩህም?» አልኩት። «ገዢ ጠፍቶ ነዋ» አለኝ። ልጄ ቀልድ የተማረው ከአባቱ ነው፤ ሥራ ግን አልተማረም።

የፖስታው ነገር ካልከበደሽ ያን ጨው ያለበትን ጥቁር ከረሜላ ትንሽ ላኪልኝ። እዚህ የሚሸጡት ስኳር ነው።

በርቺ ልጄ። አየሽ ሁሉንም ጻፊልኝ።

አክስትሽ ሂልከ


ፍሪስላንድ፣ ሴፕቴምበር 22

ለውድ አክስቴ ሂልከ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ከረሜላውን ለብቻው ልኬዋለሁ። ወንድሜ ሲበ ከላዩ ሁለት ፍሬ ወስዷል፤ ይቅር ይበሉት።

ሦስቱንም አየሁ። የወሰደኝ አባቴ ነው፤ ግን «ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ» እያለ ከመኪናው አይወርድም ነበር። ድራኽተን ያለው ሰውዬ ከመስኮት ጀርባ ተቀምጦ ቀና ሳይል «ርዝመቱ ስንት ነው?» አለኝ። ስለ ጋዝ አላነሳም። በአጥሩ በኩል ሳይ ጣራቸው አረንጓዴ የለበሰ ካራቫኖች ቆመዋል፤ የአንዱ መስኮት ተሰብሮ በላስቲክ ተሸፍኗል። ካሜራው ግን ይሠራል።

የመስታወት ቤቱ ባለቤት ደግ ሰው ናቸው። ቦታው ደረቅ ነው፤ ብርሃንም አለው። ብርሃኑ ግን መጋረጃውን ሁሉ አንጥቶታል። የሰውን ቁልፍ ሁሉ ግድግዳ ላይ ደርድረው ሰቅለዋል፤ ከየቁልፉ ሥር የባለቤቱ ስም አለ፤ የክፍሉ በር ደግሞ ወለል ብሎ ተከፍቷል። «ማንም አይነካውም፤ ሁሉም ያውቀኛል» አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

አጎት ሃርመን በረቱን ከፍተው አስገቡኝና እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆሙ። እንዳሉኝ አሸተትኩ።

«ምን ሸተተሽ?» አሉኝ።

አፈርኩ፤ ግን «ላም» አልኩ።

«ላሞቹ ከሄዱ ስድስት ዓመት አለፋቸው። ሽታቸው እንደ አማቴ ነው፤ ተሰናብቶም አይሄድም። እርጥበትስ?»

«እርጥበት አይሸትም።»

«እንዲህ በይኝ እንጂ። ጋዝ አላስገባም። ምግብ አላስገባም። ድመትም አላስገባም።»

«ድመት ለምን?»

«ሰዎቹ ሳያዩአት አንዷ አልጋ ላይ ተኝታ ገባች። ጩኸቱ ከየትኛው ካራቫን እንደሚመጣ እስክናገኝ ድረስ ሚስቴ ሙት ተነሳ ብላ ነበር። አሁን በየአንዳንዱ በር አንገቴን አስገብቼ አያለሁ።»

ስለ አይጥ ስጠይቃቸው ከግድግዳው ጥግ ጥግ ያሉትን ወጥመዶች እየዞሩ አሳዩኝ። ቁልፍ አይዙም። «ፍሬኑን ልቀቁልኝ፤ በትራክተር የምገፋው እኔ ነኝ፤ በሩን ቆልፋችሁ ሂዱ» ይላሉ። የመኝታ ቤታቸው መስኮት ከበረቱ በር ፊት ለፊት ነው። ልቤ እዚያ ቀረ።

ከዚያ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «መቼ ነው የሚወጣው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኖቬምበር 2 ቅዳሜ ሁሉም በአንድ ቀን ይመጣል። ጠዋት የደረሰ መጨረሻው ግድግዳ ሥር ይገባል፤ ማታ የደረሰ በሩ አጠገብ ይቆማል። በመሃል እጅ የሚያስገባ ክፍተት አይተርፍም። ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ በሩ ሲከፈት ከፊት ያለው ቀድሞ ይወጣል፤ ግድግዳው ሥር ያለው ጁን ሳይገባ አይወጣም። ተራ አይዘለልም። ከሁሉም የተጠበቀው ግድግዳው ሥር ያለው ነው። «ሌባው ያንን ከፈለገ ከፊት የቆሙትን ሠላሳዎቹን አውጥቶልኝ ይውሰድ፤ ደክሞት ሻይ እጋብዘዋለሁ» ይላሉ። በሩ አጠገብ የሚቆም ሰው ደግሞ በቀኑ መምጣት አለበት። አምና አንድ የጥርስ ሐኪም ከፊት ቆሞ ሳለ በቀኑ ቀረ፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ዕቃውን ጭኖ፣ ልጆቹን ይዞ ጓሮ ውስጥ ዋለ። መንደሩ እስከ ዛሬ እንደ ጠርሙስ መክደኛ «ቡሽ» ነው የሚለው። ጥርሱን የሚያስነቅል ሰው እንኳ «ቡሹ ጋ ቀጠሮ አለኝ» ይላል።

አባቴ ከመኪናው ወርዶ «ግድግዳው ሥር ይግባ፤ በጠዋት እናመጣዋለን» አለ። አጎት ሃርመን ግን እኔን አዩኝና «የባውከን ሚስት ጠይቂና ንገሪኝ» አሉ።

ለአባቴ በጻፉት ላይ «ስመጣ» የሚል ቃል አለ። መቼ ግን አይልም። መቼ ይመጣሉ?

በረከትዎ አይለየን።

ሪንስከ


ኔልሰን፣ ኦክቶበር 4

ለሪንስከዬ፣

ሰላምሽ እንደ አገራችን ሰማይ ሰፊ ይሁን። ከረሜላው ደረሰኝ። አንዱን ለቲመን ትንሽ ልጅ ሰጠኋት፤ መዳፌ ላይ ተፋችውና እጄን በቀሚሷ ጠረገችልኝ። ያሳደጋት ሰው ጥሩ ነው ማለት ነው።

ሃርመን ይሁን። አንቺ እንደነገርሽኝ ከሆነ ከሱ የተሻለ አናገኝም። ስለ ድመቷ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከማስገባትሽ በፊት እነዚህን አድርጊልኝ። የውሃውን ታንክ ባዶ አድርጊ፤ ቧንቧዎቹንም ክፍት ተያቸው፤ ውሃ ውስጣቸው ከቀረ ብርዱ ይሰነጥቃቸዋል። የፍሪጁን በር ገርበብ አድርጊውና ፎጣ ሸጉጪበት። ፍራሾቹን አቁሚያቸው፤ ተኝተው ከከረሙ ሆዳቸው ይሻግታል። ከአልጋው ሥር የጎማ መቆለፊያ አለ፤ ባውከ ዘይት ቀብቶ በጨርቅ ጠቅልሎታል። ሳህኖቹን እዚያው ተያቸው።

እዚህ ጸደይ ገብቷል። የሎሚው ዛፍ እንደገና አበበ። ቲመን ለእኔ ብሎ ከጓሮው አንድ ክፍል ሠርቶልኛል፤ ጠዋት ፀሐይ ይገባበታል። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አብሬያቸው እሄዳለሁ፤ መዝሙሩን ግማሹን ነው የምይዘው። ጎረቤቶቹ ደጎች ናቸው፤ ይጠይቁኛል፤ እኔም ደህና ነኝ እላቸዋለሁ፤ ደህናም ነኝ።

አያትሽ የተከለችው የአሳማ ጆሮ የሚያህል ቅጠል ያለው አበባ አሁንም ከጉድጓዱ አጠገብ አለ? የረሳሁት ካለ ጻፊልኝ።

አክስትሽ ሂልከ


ፍሪስላንድ፣ ኦክቶበር 14

ለውድ አክስቴ ሂልከ፣

ደህና ነዎት? እኛ ደህና ነን። አበባው አለ፤ ቅጠሉ ግን ለዘንድሮ ረግፏል።

ደብዳቤዎ ከትናንት ወዲያ ነው የደረሰኝ። ያሉኝን ሁሉ አደርጋለሁ። የጎማ መቆለፊያውንም አገኘሁት። አንድ ጥያቄዬን ግን አልመለሱልኝም። ረስተውት ይሆናል ብዬ እንደገና ልጠይቅ፤ በየትኛው ወር ይመጣሉ?

የምቸኩለው በአባቴ ምክንያት ነው። አንድ ትራክተር መጥቶ በር ላይ ቆሟል። ትናንት እራት ላይ አባቴ «ድራኽተን ያለው ግቢ የሰው ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ነገ ወስጄ አቆመዋለሁ» አለ።

«አይሆንም» አልኩ።

ወንድሞቼ ማንኪያቸውን አቆሙ። አባቴ «ምን አልሽ?» አለኝ። ተቆጥቶ አልነበረም፤ በእውነት አልሰማኝም።

«አይሆንም። ጣራ የለውም። የተሰበረ መስኮት አይቻለሁ። አክስቴ አጎት ሃርመን ጋ ይሁን ብላለች።»

«ሃርመን ጋ የሚገባው ገና ኖቬምበር ነው። እስከዚያ የሰው ትራክተር ዝናብ ላይ ይደር?»

«ሸራ አለ።»

ሲበ «ይቺ ልጅ ትናገራለች እንዴ?» አለ። አባቴ «አንተ ዝም ብትል ኖሮ ቀደም ብለን እንሰማት ነበር» አለው። ከዚያ ሸራውን ሊፈልግ ወጣ። እስከ ኖቬምበር 2 ድረስ ታግሷል። ከዚያ በኋላ የአጎት ሃርመን በረት ይዘጋል፤ የሚቀረው ድራኽተን ብቻ ነው። በዚያ ቀን መግባቱ ቁርጥ ነው። የቀረው ጠዋት ይሁን ወይስ ማታ የሚለው ነው፤ እሱን ደግሞ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።

በሰላም ይቆዩኝ።

ሪንስከ


ኔልሰን፣ ኦክቶበር 23

ለሪንስከዬ፣

ጌታ ከነቤተሰብሽ በጤና ያኑርሽ። አባትሽን ሬመርን «ሸራ አለ» ማለትሽን ለቲመን ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ሬመር ገና ልጅ ሳለ ከአያትሽ በቀር እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም።

አልረሳሁትም ልጄ። በጠዋት ውሰዱት። ግድግዳው ሥር ይግባ፤ ሃርመን እንዳለው የተጠበቀው እሱ ነው። አባትሽም ቶሎ ይገላገላል። ቀን ያልሰጠሁሽ እመጣበት አልመጣበት የማላውቀውን ቀን ሰጥቼ በሰው ፊት ቡሽ እንዳላሰኝሽ ብዬ ነው። ያ ሐኪም ምስኪን ነው።

እዚህ ምንም አልጎደለብኝም። ይህን የምልሽ እንዳታዝኚልኝ ነው። ባውከ እያለ በየዓመቱ ከሰው ሁሉ ቀድመን አሜላንድ ደሴት የምንደርስ እኛ ነበርን፤ ገና ነፋሱ ሳይበርድ። እሱ ካራቫኑን ሲያስተካክል እኔ ሻይ አፈላ ነበር፤ የሚያልፍ ሁሉ አንድ ኩባያ ይጠጣል። አሁን ብመጣ ማን ጋ ነው የምመጣው እላለሁ። አያትሽ የለች። እናንተ ሥራ አላችሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳትጽፉልኝ የቀራችሁትም ለዚሁ ነው፤ አውቃለሁ፤ ለወቀሳ አይደለም። ሰው የማይጠብቃት አሮጊት ሻንጣዋን ይዛ አውሮፕላን ጣቢያ ስትቆም አያምርም።

ስለዚህ ግድግዳው ሥር ይሁን። አንቺም እስኪገባ ድረስ እንደልብሽ ተቀመጪበት።

ለመሆኑ የሚመጣው ፋሲካ መቼ ነው የሚውለው? የሃርመን በር የሚከፈተው በስንት ቀኑ እንደሆነ ለማወቅ ያህል ነው። እዚህ ያለው የቀን መቁጠሪያ የበግ ሥዕል ብቻ ነው።

ደህና ሁኚልኝ።

አክስትሽ ሂልከ


ፍሪስላንድ፣ ኖቬምበር 1

ለውድ አክስቴ ሂልከ፣

እንደምን ከረሙ? ደብዳቤዎ ዛሬ አርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረሰኝ። ካራቫኑ ውስጥ ገብቼ አነበብኩት። ፍራሾቹን አቁሜአቸው ስለነበር ወለሉ ላይ ነው የተቀመጥኩት።

ፋሲካ ማርች 30 ነው። የአጎት ሃርመን በር ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5 ይከፈታል።

ግድግዳው ሥር ብለዋል። ብዙ አሰብኩበት። ካራቫኑ ግድግዳው ሥር የገባ ሰው እኮ በሩ የሚከፈትበት ቀን ምን ያደርግለታል? እንዲህ ማለቴ ድፍረት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ደግሞ ደብዳቤዎቼን በልቤ መለስ ብዬ አየኋቸው። መቼ ይመጣሉ እያልኩ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁዎ። ይምጡ ብዬ ግን አንድም ጊዜ አልጻፍኩም። የጠየቅሁት ለበረቱ ነው የሚመስለው።

ይምጡ። እኔ እጠብቅዎታለሁ። አባቴም ይፈልጋል፤ ግን ስላልጠየቁት አይናገርም። ዛሬ ጠየቅሁት። መፍቻውን ይዞ ትራክተሩ ሥር ተኝቶ ነበር፤ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው።

«አክስቴ ሂልከ ብትመጣ ደስ ይልሃል?» አልኩት።

«አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ የማን መኪና ነው የሚሄደው?» አለኝ።

«ያንተ።»

«እንግዲያው ጎማውን መቀየር አለብኝ» አለ። አባቴን ያውቁታል፤ ይህ ለእሱ ብዙ ንግግር ነው።

ከእሱ ተለይቼ በብስክሌት ብቻዬን አጎት ሃርመን ጋ ሄድኩ። ለነገ ወለሉን እየጠረጉ ነበር።

«በሩ አጠገብ» አልኳቸው።

መጥረጊያቸውን አቆሙ። «እመጣለሁ አለች?»

«አላለችም።»

«ታዲያ ማነው ያለው?»

«እኔ።»

«ካልመጣችስ? ከኋላሽ ሠላሳ ካራቫን አለ። ቡሽ የምትባዪው አንቺ ነሽ።»

«አውቃለሁ።»

አዩኝ። ፊቴ መቅላቱን አውቄዋለሁ፤ ግን ወደ መሬት አላየሁም። «ሐኪሙ ይህን ሲሰማ አበባ ይልክልሻል» አሉና መጥረጋቸውን ቀጠሉ። ስወጣ ከኋላዬ «የጎማ መቆለፊያ አላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። አለን አልኳቸው። «እንግዲያው እኔም በሌሊት እሱን ነው የማየው፤ መስኮቴ ሥር ነው የሚያድረው» አሉ። ስለዚህ ስለ ሌባ አይስጉ። ግድግዳው ሥር ሠላሳ ካራቫን ይጠብቀዋል፤ በሩ አጠገብ አንድ እንቅልፍ የሌለው ሰው ይጠብቀዋል። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ፤ የመረጥኩት ግን ስለ ሌባው ብዬ ብቻ አይደለም።

ለአባቴ ነገ ማታ ነው የምንሄደው ስለው «ከሰው ሁሉ ኋላ?» አለኝ። «ከሰው ሁሉ ኋላ» አልኩት። ትራክተሩን ለአንድ ቀን ጎረቤት ጋ ሊያቆመው ነው።

ኤፕሪል 5 ካልተመቸዎ ይጻፉልኝ፤ ሄጄ ለአጎት ሃርመን የምነግር እኔ ነኝ፤ ቢስቁብኝም እችለዋለሁ። ከተመቸዎ ግን ቀኑን ብቻ ጽፈው ይላኩልኝ፤ ሌላ ምንም ባይጽፉም ይበቃኛል።

እስክንገናኝ ደጉን ሁሉ ያሰማን።

ነገ ጠዋት ሐሳቤን ሳልለውጥ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ሳጥን ውስጥ እከተዋለሁ። ከዚያ በራችን ላይ ቆሜ ወደ አጎት ሃርመን የሚያልፉትን ካራቫኖች አያለሁ። አባቴ እንሂድ ቢለኝም ገና ነው እለዋለሁ። የመጨረሻው ካለፈ በኋላ እንነሳለን። በረቱ ደርሰን አጎት ሃርመን በማን ስም እንደሚጽፉት ሲጠይቁ ጮክ ብዬ ስሜን እነግራቸዋለሁ።

ሪንስከ